የውብዳርና ባቡር የተሳፈረችው ግመል

የውብዳር ከባሏ ከጋሻው ጋር ጅቡቲ የገባችው ገና ሙሽርነቱ ሳይለቃት ነው። ጋሻው በባቡሩ መጠገኛ ብረት ሠራተኛ ሆኖ ሲቀጠር፣ እሷ ደግሞ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር በተከራዩዋት ቤት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን አቁማ ልብስ መስፋት ጀመረች። እጇ የተባረከ ነበር። ይሁን እንጂ የሰፈሩን ሴቶች ወደ በረንዳዋ የሚጎትታቸው ከስፌቷ ይልቅ ጨዋታዋ ነበር። የአንዱን አካሄድ፣ የሌላዋን ኩርፊያ፣ የጉምሩኩን ሹም አተነፋፈስ ሳይቀር እያስመሰለች ስታወራ፣ ቀሚስ ልትለካ የመጣችው ሴት ቀሚሷን ረስታ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

በሦስተኛው ዓመት ንዳድ ያዛት። ብዙ ቀን ራሷን ሳታውቅ ከረመች። ትኩሳቱ ሲለቃት ዓይኗን ገልጣ ጋሻውን አየችው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ቤቱ ጭር ብሏል። መጀመሪያ የሚያሾካሹክ መሰላት።

«ጮክ በል እንጂ» አለችው። የራሷንም ድምፅ አልሰማችውም።

ከዚያ በኋላ ጆሮዋ አልተመለሰም። ሐኪሙም አየ፣ ጠበልም ተጠመቀች፤ ወይ ፍንክች። ሰው በረንዳዋ ላይ ቆሞ ሲጮህባት፣ የአንገቱ ሥር ሲገታተር እያየች ትሳቀቅ ጀመር። የተባለው ሳይገባት ስትቀር ሰዎቹ እርስ በርስ ይተያዩና ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፤ ይህኛውን ከንፈር ለማንበብ መቼም አልቸገራትም። ቀስ በቀስ መኪናዋን ከበረንዳው ወደ ጓዳ አስገባች። ገበያ መውጣት ተወች። ከዓመት በፊት ሰፈሩን ታስቅ የነበረችው ሴት፣ ከሰው ፊት መቆም አስጠላት።

ጋሻው አንድ ምሽት ከሥራ ሲገባ የውብዳር ክው ብላ ቀረች። ያ የሚኮራበት፣ ጫፉን በጣቱ እየጠቀለለ የሚያሳምረው ሪዙ የለም። ተላጭቶታል። የላይኛው ከንፈሩ እንደ ሕፃን ነጥቷል።

«ምን ሆነህ ነው?»

ጋሻው መብራቱን ወደ ፊቱ አስጠጋና ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመ «አፌን እንዲጋርድብሽ አልፈልግም» አላት። «አሁን ይታይሻል?»

ታያት። ከታመመች ወዲህ እንዲያ አልቅሳ አታውቅም። ለቅሶዋ ግን የሐዘን አልነበረም። በነጋታው የሥራ ባልደረቦቹ ምን ያህል እንደሳቁበት የነገራት ሌላ ሰው ነው እንጂ እሱስ ትንፍሽ አላለም።

በ1922 ዓ.ም. ገደማ ነው፣ አንዲት ወጣት ሴት የተጠቀለለ አቡጀዴ ታቅፋ በራቸውን የመታችው። ሱሪያ ትባላለች። አባቷ ከሕንድ በኤደን ወደብ በኩል የመጡ ፎቶግራፍ አንሺ ናቸው። ከመርከብ የሚወርደውን መንገደኛ ሁሉ እያነሱ ያረጁ ሰው ሲሆኑ፣ ዓይናቸው ሲደክም ሥራውን ለልጃቸው ለቀውላታል። ሱሪያ ጅቡቲ ስለተወለደች ሱማሊኛና ዓረብኛ እንደ ውሃ ይፈስላታል፤ አማርኛውንም ከሰፈር ልጆች ጋር ስትጫወት ለቃቅማዋለች። የመጣችው ለፎቶ ቤቱ መጋረጃ ልታሰፋ ነበር።

የውብዳር ልኩን ስትወስድ ሱሪያ ዓይኗን ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ጣለች። ለልክ ማውጫ ከሚሆነው ወረቀት ትራፊ የተቆረጡ ምስሎች ተበታትነዋል፤ ፍየል የምትጎትት ሴት፣ ውሃ የተሸከመ አህያ፣ አንገቷን የቀለሰች ግመል። የውብዳር ደንበኛ ሲጠፋ እጇ አላርፍ እያለ የምትቆርጣቸው ናቸው። ማንም እንዲያያቸው ስላልፈለገች ልትሰበስባቸው ብትሞክር ሱሪያ ግመሏን ቀድማ አነሳቻት። ወደ መስኮቱ ወስዳ በፀሐዩ ፊት ያዘቻት። ነጩ ግድግዳ ላይ ጥቁር ግመል ቆመች። ሱሪያ እጇን ቀስ አድርጋ ስታራምደው ግመሏ ግድግዳውን ይዛ ሄደች።

ሱሪያ ዞር ብላ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ከደስታዋ ብዛት ከንፈሯ ስለተጣደፈ የውብዳር አንድም ቃል አልያዘችም። ሱሪያም ነገሩ ሲገባት መጋረጃዋን እዚያው ጥላ እጇን ያዘችና ይዛት ወጣች። የውብዳር ከስንት ወር በኋላ በቀን ብርሃን መንገድ ላይ የወጣችው በዚያ ዓይነት ተጎትታ ነው፤ ነጠላዋን እንኳ በቅጡ አላጣፋችም።

ፎቶ ቤቱ ውስጥ በሦስት እግር የቆመ ሣጥን ነበር። አንድ መንገደኛ ትቶት የሄደ የተንቀሳቃሽ ሥዕል ማንሻ ነው። እጀታው ሁለት ቦታ ይገጠማል፤ በአንደኛው ቀዳዳ ሲገጠምና ሲዞር ሥዕሉን ያንዠቀዥቀዋል፣ በሁለተኛው ግን አንድ ዙር አንዲት ሥዕል ብቻ ያነሳል። ሱሪያ በቃል ለማስረዳት አልሞከረችም። ከየውብዳር ወገብ መቀሷን መዝዛ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና እጀታውን አንድ ጊዜ አዞረች። መቀሷን በጥቂቱ አንቀሳቅሳ ደግማ አዞረች። አሁንም ትንሽ፤ አሁንም አንድ ዙር። የውብዳር በሆዷ «ይቺ ልጅ ፀሐይ መትቷታል» አለች።

ከቀናት በኋላ ተጠርታ ስትሄድ ግን ጨለማ ክፍል ውስጥ አንሶላ ተወጥሮ ነበር። መብራቱ አንሶላው ላይ ሲያርፍ የራሷ መቀስ ማንም ሳይነካት አፏን እየከፈተችና እየገጠመች ስትራመድ አየች። የውብዳር እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሱሪያን አየቻት፤ አባቷንም አየቻቸው። ሁሉም በዝምታ ይመለከታሉ። ማንም ምንም አይሰማም፤ የሚሰማ ነገርም የለም። «እዚህ ውስጥስ ሁላችንም እኩል ነን» አለች በልቧ፤ ከታመመች ወዲህ ተጭኗት የነበረ አንድ ከባድ ነገር ያን ጊዜ ሲነሳላት ታወቃት።

«ግመሏን እናድርጋት» አለች ጮክ ብላ። «ግን የት ነው የምትሄደው?»

ይህን የመለሱት ወይዘሮ ሀኪማ ናቸው። ወይዘሮ ሀኪማ የሐረር ሰው፣ የነጋዴው የዓብዱሰመድ ባለቤትና የየውብዳር የግድግዳ ጎረቤት ነበሩ። አባታቸው ባቡር ሳይመጣ በፊት በረሃውን በግመል እያቋረጡ ጭነት ያመላልሱ ስለነበር ወይዘሮዋ የግመል ወሬ አያልቅባቸውም። ሲያወሩ ደግሞ በዓይናቸው፣ በትከሻቸው፣ በአሥሩም ጣታቸው ስለሆነ የውብዳር ከማንም ይልቅ የሳቸው ወሬ ይገባታል።

«እትዬ ሀኪማ፣ ግመሌን ወዴት ልስደዳት?»

ወይዘሮ ሀኪማ ግመሏን አገላብጠው አዩዋት። «ይቺማ ሥራ የፈታች ናት» አሉ። «ባቡሩ መጥቶ እንጀራዋን ነጥቋታል። አባቴ ባቡሩ የመጣ ጊዜ ግመሎቹን ሸጦ አንዷን ብቻ አስቀረ። ፉጨቱን በሰማች ቁጥር ቱር ብላ ተነስታ መንገድ ትመለከት ነበር። ሁልጊዜ ልትሳፈር የፈለገች ይመስለኝ ነበር።»

«እንግዲያውስ እናሳፍራታ!» አለች አብራት የመጣችው ሱሪያ።

ሦስቱም በአንድ ጊዜ ፈነደቁ። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ።

ሥራው ግን የዋዛ አልነበረም። የፎቶ ቤቱ ጣሪያ መስኮት ነበረው፤ ከሱ የሚገባውን ፀሐይ መሬት ላይ በተጋደመ መስታወት ተቀብለው ከሥር ወደ ላይ፣ ነጭ ሻሽ በለበሰ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ይልኩታል። የተቆረጡት ምስሎች እዚያ ላይ ይተኛሉ። ማንሻው ደግሞ ከላይ ተንጠልጥሎ ወደ ታች ያያል። ፀሐይዋ ካዘነበለች ብርሃኑ ስለሚበላሽ ሥራው የጠዋት ብቻ ነው። ነፋስ ምስሎቹን እንዳያነሳቸው በርና መስኮት ይዘጋል፤ ያውም በጅቡቲ ሙቀት! ላባቸው ጠብ ካለ ወረቀቱ ያብጣል። ስለዚህ ሁሉም ግንባሩን በሻሽ አስሮ፣ ትንፋሹን ውጦ ነበር የሚሠራው። ሱሪያ ደግሞ ፊልሙን የምታጥብበት ውሃ ሞቆ ሥዕሉን እንዳያቀልጥባት ከበረዶ ፋብሪካው የበረዶ ግግር እየተሸከመች ትሮጣለች፤ ሄሮን በሚባለው ሰፈር ያሉት ፈረንጆች ለመጠጣቸው የሚያስመጡት በረዶ እዚህ የግመል ሥዕል ያጥባል።

መጀመሪያ ሰሞን ሦስቱም ምስሎቹን እኩል ይነካኩ ነበር። አንዷ የግመሏን እግር ስታራምድ ሌላዋ አንገቷን ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። ታጥቦ ሲታይ ግመሏ እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች። ወይዘሮ ሀኪማ ተቆጡ።

«አንድ አዛዥ ያስፈልገናል» አሉ። «ወሬውን እኔ አወራለሁ፤ ሣጥኑን ሱሪያ ታዞራለች። ከዚህ ወዲያ ግን ምን እንደሚንቀሳቀስና እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የውብዳር ብቻ ትዘዝ።»

«እኔ? የምትሉትን እንኳ በቅጡ ሳልሰማችሁ?»

ወይዘሮ ሀኪማ አገጯን ይዘው ፊቷን ወደ ራሳቸው አቀኑት። «ልጄ፣ አንቺ እኛን ከማየት ሌላ ሥራ የለሽም። ጠዋት ስገባ ወገቤን እንዳመመኝ ከዓብዱሰመድ ቀድመሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ። በይ እዘዢን።»

የውብዳር ያን ቀን ቤቷ እንደገባች ነገሩን ለጋሻው ነገረችው። ሰው አዝኖላት ሳይሆን ፈልጓት ሥራ ሲሰጣት ከሕመሟ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

የመጀመሪያ ትእዛዟም አምቡሊ እንሂድ የሚል ሆነ። እዚያ፣ ከከተማው ዳር ካለው የአትክልት ቦታ አጠገብ፣ ግመሎች ውሃ የሚጠጡበት ጉድጓድ አለ። ጠዋት ሄደው ጥላ ሥር ተቀመጡና ግመል ሲንበረከክ ተመለከቱ። መጀመሪያ በፊት እግሩ ዱብ ይላል፣ ከዚያ የኋላውን ያጥፋል፣ ቀጥሎ ደረቱን እያመቻቸ ይደላደላል። ፎቶ ቤት ሲመለሱ አዲስ ረዳት የሆነችው ልብስ አጣቢዋ አዳነች የግመሉ አንበረካከክ አልገባት ስላለ፣ የውብዳር ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ መሬት ላይ ራሷ ተንበረከከች። አንገቷን ሰበቀች፣ ከንፈሯን አንጠለጠለች፣ ጭነት የበዛበት ግመል የሚያጉረመርመውን አጉረመረመች። ድምፁ እንዴት እንደወጣ እሷ አታውቅም። ቀና ስትል ግን ሱሪያ ግድግዳ ተደግፋ እንባዋን ትጠርጋለች፣ ወይዘሮ ሀኪማ ደረታቸውን ይደቃሉ፣ አዳነች መሬት ላይ ተዘርግታለች። የውብዳርም ሳቀች። የጥንቷ የበረንዳ የውብዳር ነበረች።

ሥራው አጋማሽ ላይ ሲደርስ ግን ዝናብ መጣ። በጅቡቲ ዝናብ ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ ሸለቆው ይሞላና ያገኘውን ጠራርጎ ይሄዳል። ውሃው ወደ ዝቅተኛው ሰፈር ሲገባ ሴቶቹ ሥራ ላይ ነበሩ። ወይዘሮ ሀኪማ የተነሳው ፊልም ያለበትን ቆርቆሮ ዕቃ አናታቸው ላይ አድርገው ወጡ። ሱሪያ ማንሻውን አቅፋ፣ አዳነች የሱሪያን ሽማግሌ አባት ደግፋ ወጡ። ምስሎቹ የነበሩበት መሳቢያ ግን ተገልብጦ ቀረ። ውሃው ሲጎድል የውብዳር ተመልሳ ገባች፤ ግመሏ፣ ባቡሩ፣ መንገደኞቹ፣ ዛፎቹ ሁሉ ጭቃ ውስጥ የተቦካ ሊጥ ሆነዋል።

ቤቷ ገብታ ተኛች። ጋሻው ቢያባብላትም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ፊቷን ካዞረች ደግሞ ማንም ምንም ሊላት አይችልም።

በማግሥቱ ትከሻዋን የነቀነቃት የወይዘሮ ሀኪማ እጅ ነበር። ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች ቆመዋል። ከሕመሟ ወዲህ ከንፈር ሲመጥጡላት የነበሩት ናቸው። አሁን ግን እያንዳንዳቸው የሚያብረቀርቅ ነገር ታቅፈዋል። የሻይ ቅጠል ሣጥን ከውስጥ የሚለበጥበት ስስ የእርሳስ ልባስ ነው። ዓብዱሰመድ ሱቁ ውስጥ ያለውን ሣጥን ሁሉ አራግፎ፣ ሻይ ቅጠሉን በጆንያ ገልብጦ፣ ልባሱን ልኮታል።

«ይሄ በላብ አያብጥም፤ ነፋስም አያነሳውም» አሉ ወይዘሮ ሀኪማ። የውብዳር ግን አልተነሳችም።

«እግዜር ባይፈልገው ነው፣ እትዬ። ውሃው ሁሉንም ወስዶታል።»

«ውሃው የወሰደው ወረቀት ነው። እጅሽን ወስዶታል?»

የውብዳር እጇን አየችው። ከዚያ ከሴቶቹ የአንዷን ልባስ ተቀበለችና ጫፉን በመቀስ ሞከረችው። እንደ ጨርቅ ተቆረጠ። ከወረቀቱም ይልቅ እንደተቀመጠበት ፀጥ ብሎ ይተኛል። ያን ሳምንት ጓዳዋና በረንዳዋ በሴት ተሞላ። እሷ ትነድፋለች፣ እነሱ ይቆርጣሉ። ጋሻው መገጣጠሚያውን የሚይዝ ቀጭን ሽቦ ከመጠገኛው ለምኖ አመጣ። መኪናዋም ቦታ ስላጣበበ ወደ በረንዳ ወጣና በዚያው ቀረ።

ጋሻው ከሽቦው ጋር አንድ ወሬም ይዞ መጥቶ ነበር። ጎርፉ ሐዲዱን ቆርጦታል፤ ባቡሩ በረሃ ላይ ቆሟል። መንገደኛውንና ጭነቱን ከተቆረጠው ቦታ ወዲህ የሚያሻግሩት ከየመንደሩ የተጠሩ ግመሎች ናቸው።

ለወራት የተከራከሩበት ነገር የታሪኩ ማለቂያ ነበር። ሱሪያ ግመሏ ከተማ ገብታ ትዝናና ስትል፣ የውብዳር ወደ በረሃዋ ትመለስ ስትል ከርመዋል። አሁን ግን ወይዘሮ ሀኪማ ወሬውን ሲሰሙ ሁለት እጃቸውን አነሱ።

«አልሐምዱሊላህ! እኛ ስንጨቃጨቅ እሱ ጨረሰልን። ባቡሩ ይቆማል፤ ግመሏም ከባቡሩ ወርዳ መንገደኞቹን ልትጭን ትንበረከካለች።»

ሥራው ያለቀው በቀጣዩ ዓመት ቀዝቀዝ ያለው ወራት ሲገባ ነው። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ግሪክ ሰውዬ መጀመሪያ አላመነም፤ ሱሪያ የፊልሙን ቁራጭ ካሳየችው በኋላ ግን ከዋናው ፊልም በፊት ሊያሳይላቸው ተስማማ። ሲኒማው ጣሪያ የለውም። ፀሐይ እንደጠለቀች የሰፈሩ ሴቶች ምንጣፍ ይዘው ገቡ፤ ብዙዎቹ ሲኒማ አይተው አያውቁም። ከኋላ ወደቡ ላይ የሚሠሩ ሱማሌዎችና አፋሮች፣ ዓረብ ነጋዴዎች፣ የባቡር ሠራተኞች ተቀምጠዋል።

ጥቁሯ ግመል ቲኬት ልትቆርጥ አንገቷን በመስኮት ስታስገባ የውብዳር ፊቷን ከሸራው አዞረችና ወደ ሕዝቡ ተመለከተች። የሚሰማ ሰው ጀርባውን ሰጥቶም ሳቅ ይሰማል፤ እሷ ግን ልታየው ይገባት ነበር። አየችውም። በብርሃኑ ውስጥ ጥርሶች ተገልጠዋል፣ ትከሻዎች ይንቀጠቀጣሉ፣ አንዱ ሌላውን በክርኑ ይጎስማል። ግመሏ በረሃው ላይ ተንበርክካ መንገደኞቹን ስትጭን አንድ ሽማግሌ ሱማሌ ግመል ነጂ ከመቀመጫቸው ተነስተው በትራቸውን እየወዘወዙ ይናገሩ ጀመር።

«ምን ይላሉ?» አለችው ጋሻውን።

«አመቻችተሽ ተነሺ፣ ጀርባሽን እንዳይጎዳሽ ይሏታል» አላት።

መጨረሻ ላይ የሠሪዎቹ ስም ወጣ። የሱሪያንና የወይዘሮ ሀኪማን ስም ራሷ የውብዳር ነበረች የቆረጠችው። ከነሱ በላይ ግን እሷ ያልቆረጠችው አንድ መስመር ነበር። ፊደሉ ተንጋድዷል፤ «ው» ጎኗ ላይ ተጋድማለች። ቢሆንም ይነበባል፤ «መሪዋ የውብዳር» ይላል። የአማርኛ ፊደል የማታውቀው ሱሪያ ከጋሻው ተለማምዳ በድብቅ የቆረጠችው ነው። የውብዳር ዞራ ፈለገቻት። ሱሪያ ከማሳያው መኪና አጠገብ ቆማ፣ ትክክል መሆኑን እንደሚጠይቅ ተማሪ ቅንድቧን አንስታ ትመለከታታለች። የውብዳር ሰው ሳታፍር ምንጣፍ ለምንጣፍ ተረማምዳ ሄዳ አቀፈቻት።

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ጋሻውን ጠየቀችው። «ሳቁ እንዴት ያለ ነበር?»

ጋሻው ቆም አለና እጇን ወስዶ ደረቱ ላይ አሳረፈው። ከዚያ የግመሏ አንገት በቲኬት መስኮቱ ሲገባ ትዝ ብሎት ከልቡ ሳቀ። መዳፏ ሥር ሲንተከተክ ተሰማት።

ፊልሙ ብዙ ምሽት ታየ። የውብዳርም ተመልሳ የበረንዳ ሴት ሆነች። ሊሰፋ የመጣው ሁሉ ፊቱን ወደ ብርሃን አዙሮ፣ ቀስ ብሎ መናገር ለመደ፤ እሷም የሰውን አካሄድ ማስመሰሏን ቀጠለች። ከሱሪያና ከወይዘሮ ሀኪማ ጋር አንድ ሁለት አጫጭር ሥራ ከሠሩ በኋላ ሱሪያ ታጨችና ኤደን ልትሄድ ሆነ። ብቸኛውን የግመሏን ፊልም ቅጂ ይዛው እንድትሄድ የወሰነችው የውብዳር ነች። «እዚያም ግመል አለ፤ ያዩልናል» አለች።

ወደቡ ላይ መርከቡ ፉጨቱን ሲነፋ ሰዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲደነግጡ አይታ ነው የመለያያው ሰዓት መድረሱን ያወቀችው። ሱሪያን አንገቷን አቅፋ ያዘቻት። ከዚያ ለቀቀቻትና ፊት ለፊቷ ቆመች። ሱሪያ አባቷ ዕቃ ወይም ምግብ ሲያቀብሏት በቤታቸው ቋንቋ ሁልጊዜ የምትላቸው አንድ የምስጋና ቃል አለ። የውብዳር ያን ቃል በጆሮዋ ሰምታው አታውቅም፤ የተማረችው ከሱሪያ ከንፈር ላይ ብቻ ነው። ከንፈሯን እንደዚያው አሹላ፣ ምላሷን አስተካክላ፣ እንዴት እንደሚወጣ ሳታውቅ ለቀቀችው።

«ሹክሪያ።»

ሱሪያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቃሉ በትክክል መውጣቱን የውብዳር ያወቀችው፣ ከጎናቸው የቆሙት ሽማግሌ አባት ከዘራቸውን ትተው ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ ሲያደርጉ ነው።